ልጄ ወታደር ስትሆን የተጠየቅሁት

ልጄ የአውስትራሊያ ሠራዊት ልትገባ መሆኗን የነገረችኝ ዋይንድሃም ቬል ሰፈር ካለው ቤታችን ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ ነበር። «ማም፣ አፕላይ አድርጌ ተቀብለውኛል» አለች፣ ቀበቶዋን እያሰረች። የዚያን ቀን ሥራ ቦታ እንዴት እንደዋልኩ አላውቅም። ጦርነት ይልኩብኛል፣ ጭንቀቴ ይኸው ብቻ ነበር።

የጸሎት ቡድናችን ግን ሌላ ጭንቀት ይዞ መጣ። ቡድኑን የሚመሩት ጋሼ በወጣትነታቸው አገር ቤት ወታደር ነበሩ። ገና ሶፋው ላይ ሳይደላደሉ «እዚያ እኮ እነዚያ ሰዎች ተፈቅዶላቸዋል፤ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

«ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት።»

«ከተፈቀደላቸው ስንት ዘመናቸው ጋሼ! እኔም ሆስፒታል አብሬያቸው እሠራለሁ።»

«ሆስፒታልና ጦር ሰፈር አንድ ነው? እዚያ አብሮ ማደር አለ!»

ትዕግሥቴ አለቀ። «ግንባር ሲሄዱ እናትዎ የፈሩት ማን አጠገብ እንደሚተኙ ነበር?»

የጋሼ ባለቤት ፈጠን ብለው «እንጸልይ» አሉ። ከክፉ ጓደኛ ጠብቃት የሚል ረጅም ጸሎት ተጸለየ። ስለ ጥይት ያነሳ የለም።

ሥልጠናው ሲያልቅ ለምረቃው ሰልፍ ሌላ ስቴት ድረስ ነዳሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ከልጄ አሠልጣኞች አንዷን እያሳየችኝ «ሚስቴ ናት» አለችኝ። እኔም ልጄን አሳየኋት።

«እንቅልፍ አጥተሽ ይሆናል» አለች። «እሷ ባሕር ማዶ ተልካ በነበረ ጊዜ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ይመስለኝ ነበር።»

ከወዳጅ ዘመድ አንድ ሰው እንኳ ያላለኝን ከማላውቃት ሴት ሰማሁና እንባዬ መጣ። ሶፍት አቀበለችኝ።

ስመለስ ለጸሎት በተሰበሰብንበት የጋሼ ባለቤት ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «አየሻቸው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ። አንዷ ሶፍት ሰጠችኝ።»

«ኢየሱስ!» አሉ። ያን ሰሞን አገሩ በሙሉ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ ብሎ ድምፅ ይሰጥ ስለነበር ቤቱ በአንዴ በዚያ ወሬ ተሞላ። ጋሼ ብቻ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወዴት ነው የሚመድቧት?» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ይህን የጠየቀኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሰሜን ጫፍ ያለችው ዳርዊን መደቧት። እስካሁን ጦርነት አልሄደችም፤ ስትደውል የምታማርረው ስለ ሙቀቱ ነው። እትዬ ደግሞ አሁን ባገኙኝ ቁጥር «ባል አገኘች?» ይሉኛል።