ቤልቱ እስኪቀየር

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ የአሮጌዋ መኪናዬ ታይሚንግ ቤልት፣ ያ የሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ ይቀየር ወይስ ይቆይ የሚለው ጥያቄ ሰው አመጣልኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ጋራዥ እንደ ድሬዎች ልማድ ሥራውን የሚሠራው ጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ ጫቱን ይዞ ያወራል። እኔ የምሄደው ሁልጊዜ ከሰዓት ነበር።

መካኒኩ "የተባለለትን ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አይነካም" ይላል። ጎረቤቱ መለዋወጫ ሻጩ ይቆጣዋል፤ "በዚህ ሙቀት? የቤልቱ ጎማ ደርቆ ይሰነጠቃል እኮ!" የታክሲ ሹፌሩ ደግሞ "ደህና የሚሠራ ሞተር ለምን ይከፈታል?" ብሎ ሁለቱንም ይሞልጫቸዋል። እኔን የሚያናድደኝ መስማማታቸው ነበር። ሊስማሙ ሲዳዳቸው አዲስ ጥርጣሬ መሀላቸው እጥላለሁ።

አንድ ቀን መካኒኩ ሰለቸውና "አቦ ጋሼ፣ ተበጥሶ ሞተሩን ጉድ ሳያደርገው ነገ በጠዋት ያምጧት" አለኝ። ወሰድኳት። ምሳ ሳይደርስ ቀይሮ ቁልፌን ሰጠኝ። ያን ቀን ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት እዚያው ተመለስኩ። ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ።

"ደግሞ ምን ሆነች?" አለ መካኒኩ።

"ፍሬኗ ሳይጮህ አይቀርም" አልኩ።

ጠጋ ጠጋ ብለው ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ከባጃጅ ስወርድ ሁሉም አይተውኛል፤ መኪናዋ የታለች ያለኝ ግን አልነበረም።