ውኃ የለመነችው ልጅ

ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ወረታ የመጣ አስተማሪ ነው። በልጅነቱ አይቶት ሲፈልገው የኖረውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ባለፈው እሑድ በፍላሽ ይዞ መጣና፣ «ኑ እዩ፣ እናንተ አገር የተቀረጸ ነው» አለን እኔንና እናቴን። አላመንኩትም፤ ለእሱ ሜዳ ሁሉ ፎገራ ነው። ሲከፍተው ግን እውነትም እናቴ ያደገችበት ቁሐር ሚካኤል ነው። የዛሬው ሩዝ የለም እንጂ ውኃ የተኛበት መስኩም ከብቱም ያው ነው።

ታሪኩ የሁለት ሴት ልጆች ነው፤ አንዷ የገበሬ፣ አንዷ የሸክላ ሠሪ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ደጅ ቆማ ውኃ ለመነች። ከዚያ ማንም ሳያዛት ሁለት እጇን ገጥማ ጎንበስ አለች። ጀርባዋን የሰጠችን የገበሬው ልጅ፣ ውኃ የያዘችበትን ቅል ሳታስነካት ከላይ መዳፏ ላይ አንቆረቆረችላት።

«ትወና ማለት ይሄ ነው!» አለ ባለቤቴ።

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ውኃ የለመነችው ልጅ አገጭም ግንባርም የእናቴ መሰለኝ። እናቴ ስለ ትውልዷ ስጠይቃት ለምን ወሬ ትቀይራለች? ገበያ ወጥታ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ለምን ዋጋ አትከራከርም? ልጄን ለጋብቻ የጠየቁት የአንበሳሜ ሰዎች ደግሞ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ዘርም ያጣራሉ። በእኛ በኩል ሸክላ ሠሪ፣ ባለእጅ አለ ከተባለ ሰርጉ ቀረ ማለት ነው።

እናቴን ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ?»

«የትኛዋ?»

«ውኃ የለመነችው።»

«እሷማ ጓደኛዬ ነበረች። እኔ ያጠጣኋት ነኝ።»

«ተመስገን!» አልኩ፣ ከአፌ አምልጦኝ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ፊልሙን የሚቀርጸው ሰውዬ በቅሉ አጠጫት ብሎኝ ነበር። ታሪኩ እንደዚያ ነው አለኝ። እንቢ አልኩት። ከረሜላ ሰጠኝ፣ ተቆጣኝ፤ እንቢ። እሷ ቆማ ስትሰማን ቆየችና ‹ግዴለም፣ እኔ በእጄ እጠጣለሁ› አለች። ያየሽው ያንን ነው። ማናችንም እየተወንን አልነበረም።»

ጎንበስ ብዬ አብሬያት ጎመኑን መቀንጠስ ጀመርኩ።

«እስከዛሬ እንቢ በማለቴ ሳፍር ኖሬያለሁ» አለችኝ። «አንቺም ‹ተመስገን› አልሽ፤ ያኔ እንደነበርኩት ነሽ ለካ።»