በሰባተኛው ወር ያልተቀባው ግድግዳ

እናቷ በቀን አሥር ጊዜ «አለሽ?» ይሏታል። ሶው ኢም ከጽሑፏ ቀና ሳትል «አለሁ፣ እማ» ትላለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት ስምንት እርምጃ አይሞላም። የእናት አልጋ ውስጠኛው ክፍል፣ የልጅ ጠረጴዛ ፊተኛው ክፍል፣ በሩም ሁልጊዜ ክፍት ነው። ግን የእናትየው የጌክ ኒዮ ዓይኖች ደክመው ነበር። ነጩ ግድግዳ ከመንገድ የሚገባውን ብርሃን እየመለሰ ያጥበረብራቸዋል፤ ከፊቱ የተቀመጠችውን ልጃቸውንም ይውጥባቸዋል።

ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ጆርጅ ታውን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ሦስት በር ተራርቀን ነው የኖርነው። ጌክ ኒዮ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆች ያሳደጉት የሙሽራ ጫማ በዶቃ እየጠለፉ ነው፤ ሰናፍጭ በሚያክል ዶቃ፣ በመስኮት ብርሃን። ዓይናቸውንም የበላው ይኸው ሥራ ነው ይሉ ነበር። ለእሳቸው ቀይ አንድ አልነበረም። የሙሽራ ቀይ አለ፣ የራምቡታን ፍሬ ልጣጭ ቀይ አለ፣ ዝናብ የጠገበ የጣሪያ ሸክላ ቀይ አለ። ለሐዘንተኛ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ይጠልፋሉ፤ እሱን ሲሠሩ አያንጎራጉሩም።

ሶው ኢም ኩዋላ ላምፑር ዩኒቨርሲቲ አብራኝ ተማረች። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፣ እሷ ተርጓሚ። የቆዩ የቻይንኛ የልደት ወረቀቶችን፣ የመሬት ውሎችን፣ የሞቱ አያቶችን ደብዳቤዎች ወደ ማላይኛ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ ለማግባት ተቃርባ ነበር። ሰውየው ሥራ አግኝቶ ሲንጋፖር ሄደ፤ እሷ እናቷን ትታ አልሄደችም። ከዚህ በላይ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። እናቷ ደረጃ ላይ የወደቁ ጊዜ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ተከራይታው የነበረውን ቢሮ ዘጋችና ጠረጴዛዋን ወደ ቤት አመጣች። ያኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ከኖሩ በኋላ አንድ ቀን ጌክ ኒዮ፣ «ከኋላሽ ያለውን ግድግዳ ቀይ አስቀቢልኝ» አሏት። «ቀይ አሁንም ይታየኛል። ፊትሽ ባይታየኝ ጥላሽን ልየው። ያን ጊዜ አለሽ አለሽ እያልኩ አላደርቅሽም።»

የሰፈራችንን ቤቶች አርባ ዓመት የቀቡት አጎት ቴይክ ተጠሩ። በማግስቱ ቀይ የተቀባ ሳንቃ ይዘው መጡ፤ ጠረጴዛው ጋ ከቆመችው ከሶው ኢም ጀርባ ከፍ አድርገው ያዙት። እናት ከትራሳቸው ቀና ብለው አተኩረው አዩአት። «ፀጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ?» አሉ።

ከተቆረጠች አራት ወር ሆኗት ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ታሪክ የምተርክበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር። ግን ሶው ኢም ቀዩ በረታብኝ አለች። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬ ላይ እሳት እንደነደደ ሆኖ እንዴት እሠራለሁ አለች። ሞቅ ያለ ይሁን፣ ግን አፈር አፈር የሚል፣ ሰው አብሮት የሚኖረው ቀለም ይሁን። አጎት ቴይክም ሲቀላቅሉ ሰነበቱ። ጡብ የመሰለ አመጡ፣ ገረጣባት። የውሃ እንስራ የመሰለ አመጡ፣ እናትየው ቡኒ እንጂ ቀይ አይደለም አሉ። የገውዝ ፍሬን የሚያቅፈው ቀይ ሽፋን ሲደርቅ የሚይዘውን ቀለም አመጡ፤ ጠዋት አምሯት ማታ ጠላችው። ከከተማው ዳር ለመንገድ ከተቆረጠው ኮረብታ ራሷ ቀይ አፈር በላስቲክ አምጥታ «ይህን አስመስሉልኝ» አለቻቸው። ዘጠኝ ሳንቃ በግድግዳው ሥር ተደረደረ።

ጌክ ኒዮ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ኋላ ግን መረራቸው። «ስንት ሙሽራ በእጄ አልፋለች፤ አንዷም ጫማ ለመምረጥ እንዲህ አላቆመችኝም። አንቺ ሳታገቢ ቀረሽ እንጂ ብታገቢማ ሰርገኛው ደጅ ላይ ይሸብት ነበር» አሏት።

በሦስተኛው ሳምንት ተገኘ። ከጡቡም ከኮረብታውም ያለበት፣ ቀይነቱን ያልለቀቀ፣ አፈርነቱንም ያልደበቀ ቀለም ነበር። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። እናትየው እንደ መጀመሪያው ባይሆንም ያሳየኛል አሉ። ቀለሙ ተቀላቅሎ በሁለት ቆርቆሮ መጥቶ ከደረጃው ሥር ተቀመጠ። በማግስቱ በእኛ በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ገባ።

በሰባተኛው ወር ሙታን በሕያዋን መንገድ ይመላለሳሉ። በየደጁ ሻማና ምግብ ይወጣላቸዋል እንጂ የሚያገባ፣ ቤት የሚቀይር ወይም ግድግዳ የሚነካ የለም። ሶው ኢም በዚህ ነገር አምናለሁ ብላ አታውቅም። ግን በሽተኛ ያለበት ቤት ነው፤ ፈራች። እናቷ ደግሞ፣ «እኔን በሚያህል ዕድሜ አብዛኞቹ ሙታን ዘመዶቼ ናቸው፣ ቀለም ሸተተን ብለው አይቀየሙኝም» እያሉ ያሾፉባታል። ወደ እኔ መጥታ ምን ላድርግ አለችኝ። «ምን ቸገረሽ፣ ሠላሳ ቀን ነው፣ ታገሺ» አልኳት። እንዲህ ያልኳት እኔም የተማርኩ ነኝ።

በወሩ በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ጌክ ኒዮ «አለሽ?» አሉ። «አለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ አልጠየቋትም። ሶው ኢም አንድ የመሬት ውል እየተረጎመች ነበር፤ ጸጥታው ደስ ብሏት ሁለት ገጽ ጨረሰች። ስትነሳ የእናቷ እጅ ቀዝቅዞ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ልማዳችን በየበሩ ቀይ ወረቀት ለጠፈ፤ ሞት ወደኛ አይሻገር ነው ነገሩ። እኔም ለጠፍኩ። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ሆነ። የእነሱ በር ብቻ ነጭ ለበሰ፤ ሐዘን ቤት ቀይ ነውር ነውና ውስጥ ያለው ቀይ ነገርም ሁሉ ተሸፈነ። ወንድሟ ከኢፖ መጥቶ ፊተኛውን ክፍል ሲያይ፣ «እንኳን ግድግዳውን አልቀባሽው፤ ቢቀባ ኖሮ ምን እናደርገው ነበር?» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም።

አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ ስምንተኛው ወር ገባ። አጎት ቴይክ ግድግዳውን ሊቀቡ በተቀጠሩበት ቀን ማለዳ ያለ ብሩሽ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። ዕጣን ለኩሰው ሦስቴ ካጎነበሱ በኋላ እኔና እሷ አጠገብ ተቀመጡ።

«እናትሽ ደውለውልኝ ነበር» አሉ። «በወሩ አጋማሽ። ሶው ኢም ገበያ ስትሄድ ናና ቀባው፣ አንዴ ከተቀባ ምን ታደርጋለች አሉኝ። አክስት፣ በሰባተኛው ወር ብሩሽ አላነሳም አልኳቸው። ሳቁብኝ።»

ሶው ኢም ራሷን ነቀነቀች። የሞት ጥላ እንዳይከተለው ለለቀስተኛ የሚሰጠውን ቀይ ክር ከሳህኑ አንስታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው፤ አዛውንቱም ያዙት እንጂ እንደ ልማዱ የሸሚዛቸው ቁልፍ ላይ አላሰሩትም። ኋላ እሳቸው ሲሄዱ፣ ወደኔ ሳትዞር እንዲህ አለችኝ፦

«የመጀመሪያው ቀይ ለእሷ ይበቃት ነበር። እኔ ስመርጥ የነበረው እሷ ለማትኖርበት ጊዜ ነው። እሷ ካለፈች በኋላ ስንት ዓመት ከፊቱ እንደምቀመጥ እያሰብኩ ነበር።»

አጽናናኋት ብል ውሸት ይሆናል።

ከቀብሩ ስምንት ቀን በኋላ ሩዝ ይዤላት ሄድኩ። የእናቷን አልጋ ገና አላነሳችም። ሳህኑን ተቀብላኝ ሳትከፍተው ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጪልኝ አለች። ሄጄ ተቀመጥኩ። እሷ አልጋው ላይ ጋደም ብላ መነጽሯን አወለቀችና ወደኔ ዞረች። ቀትር ነበር፤ ግድግዳው ያንጸባርቃል።

«እጅሽን አንሺ» አለችኝ።

አነሳሁ።

«አንስተሻል?»

«አንስቻለሁ» አልኳት።

መነጽሯን አላደረገችም። እጄ እስኪዝል ድረስ እንዳነሳሁ ቆየሁ፤ አውርጂው አላለችኝም።