በቆረብኩበት ቀን ያስተማርኩት ዮጋ

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁበት ዓመት ክረምቱን ያሳለፍኩት ጎባ፣ በጥድ በተከበበ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን የተከራዩት አንዲት ህንዳዊት መምህርት ነበሩ፤ ሁላችንም «ሚስ» እንላቸዋለን። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ሲያስተምሩ ቆይተው ውላቸው ሊያልቅ ሲል፣ የሚያውቁትን ዮጋ ለጥቂት ሴቶች አውርሰው ለመሄድ አሰቡ። አብረናቸው እየኖርን፣ አብረን እየበላን፣ አብረን እየጸለይን። ከመካከላችን አንዷ፣ በመጨረሻ ሴቶች መርታ ተፈትና፣ ሮቤ ላይ የጀመሩትን የሴቶች ክፍል ትረከባለች ተባለ። ያቺ አንዷ እኔ እንድሆን እመኝ ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ገና ሳይነጋ ትከሻችንን ነካ አድርገው ይቀሰቅሱናል። እስከ ቁርስ ድረስ ንግግር የለም፤ ለእኔ ከቀኑ ሁሉ የሚጥመኝ ይህ ሰዓት ነበር። ጉሙ ከሳነቴ በኩል ወርዶ መስኮቱን ይሸፍነዋል። ሰሌን ላይ ባና ደርበን እንቀመጣለን፤ ሚስ ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከቆዳም ስለሚርቁ አጎዛ ማስገባት አይቻልም። ከዚያ እንነሳና እጅ ወደ ላይ፣ ጎንበስ፣ ግንባር ወደ መሬት፣ እንደገና ቀና። የፀሐይ ሰላምታ ይሉታል።

እናቴ ይህን ስትሰማ ከሮቤ ድረስ መጣች።

«ልጄን ለፀሐይ ነው የሚያሰግዷት?» አለቻቸው። እኔ እያፈርኩ ተረጎምኩላቸው።

ሚስ ወደ መስኮቱ አዩና ሳቁ። «እዚህ አገር ፀሐይ መች አየሁና! እያንዳንዷ ለፈጠራት ታድርገው።»

እናቴ መልሱን ወደደችው። የገብስ ቆሎ ትታልን ተመለሰች።

አብራኝ የምትተኛው ልጅ የሮቤ ባለሱቅ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ከስልጤ አገር መጥተው እዚያ የከበሩ ሙስሊም ናቸው። እሷ ስትናገር ግቢው ይሰማል። ሚስ በመጨረሻ በጀርባችን የምንዘረጋበትን አተኛኘት «ሬሳ» ብለው የጠሩት ቀን ተነስታ ቁጭ አለች።

«ወላሂ በቁሜ ሬሳ አልሆንም! እናቴ ብትሰማ ድንኳን ትተክላለች።»

ስለዚህ ስሙ «እረፍት» ሆነ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የሚስ ዳናም በመካከላችን ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ ያን ያህል የተጠበቅሁ ሆኖ የተሰማኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እንቅስቃሴው አልከበደኝም። የከበደኝ ድምፄ ነበር። የመምራት ተራዬ ሲደርስ ዝም ብዬ ከፊት እሠራለሁ፤ ሌሎቹ እያዩ ይከተሉኛል። ሚስ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ዓይኗን የጨፈነችውን ማን ይመራታል?» ይሉኛል።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ ከተመረቅሁ ልታስቆርበኝ ተስላ ስለነበር፣ ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ቅዳሴ አስቀድሼ ቆረብኩ። ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን በአፌ ላይ አድርጌ ስመለስ የባለሱቁ ልጅ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች።

«ነይ ቶሎ! ፈተናው ዛሬ ሆነ። አውሮፕላኑ በጉም እየቀረ ስላስቸገረ ለሚስ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ላንድሮቨር ተገኘላቸው፤ ማምሻውን ይሄዳሉ። የሮቤ ሴቶች ገብተዋል፣ እኔ ጨርሻለሁ። ጫማሽን አውልቂ!»

«ቆርቤአለሁ።»

«እና?»

«በባዶ እግሬ አልሄድም። አልሰግድም። አፌንም አልገልጥም።»

«ያ ረቢ! ታዲያ ምንሽ ነው የሚፈተነው?»

ለሚስ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ግን ሌላ ቀን አልነበራቸውም። «ካልቻልሽ ሮቤን እሷ ትያዝ» አሉኝ።

«እሞክራለሁ» አልኩ።

ከሰሌኑ ወጣ ብዬ፣ ጫማዬን እንዳደረግሁ፣ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ሴቶቹ ዓይኖቻቸውን ጨፈኑ። ጀመርኩ፤ ድምፄ ግን ከነጠላው ሥር አልወጣ አለ። አንዲት የጸሐፊ ሚስት ከኋላ ሆነው አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ የቆረብሽው አንቺ፤ እኛ ምን በወጣን ነው ድምፅ የሚጾምብን?»

ሁሉም ሳቁ። ዝናቡም በዚያው ቅጽበት ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የማሳየው ነገር የለኝም፤ ያለኝ ቃል ብቻ ነው። ጮክ አልኩ። የትኛው እግር እንደሚቀድም፣ ክብደቱ ተረከዝ ላይ ይሁን ጣት ላይ፣ ትንፋሹ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «እትዬ፣ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉት» ስል ያሾፉብኝ ሴትዮ ወዲያው ጉልበታቸውን አጠፉ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሚስ አማርኛ አያውቁም፤ ነገር ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እኔ «አሁን ሳቡ» ስል ደረታቸው ሲነሳ አየሁ።

ሲያልቅ ማንም ቶሎ አልተነሳም።

«ሮቤ ያንቺ ነው» አሉኝ ሚስ።

ልጅቷ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ይህን ድምፅ የት ደብቀሽው ነበር? በይ፣ እኔም ሱቄ ይሻለኛል» አለች። ሳቀች እንጂ ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

ላንድሮቨሩ በሩ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ሌሎቹ ሁሉ ሚስን አገላብጠው ሳሟቸው። ቆራቢ ግን በዚያ ቀን ሰው አይስምም። ሚስም ይህን ሰው ነግሯቸው ኖሮ ከእኔ ራቅ ብለው ቆሙ፤ መዳፎቻቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው በጥልቅ እጅ ነሱኝ። እኔም መዳፎቼን ገጠምኩ። ጎንበስ ግን ማለት አልቻልኩም። እንደ ቆምኩ መኪናው ወደ ሮቤ መንገድ ታጠፈ፤ የዲንሾ ዳገት ሳይጨልም ሊወጣ ተቻኩሏል።

አሁን ክፍሉን ይዣለሁ። ድምፄም አይጠፋብኝም። ባለፈው ሳምንት አንዷ፣ «ወደ መሬት ስንወርድ ክርናችን ወደ ጎን ነው የሚወጣው ወይስ ጎናችንን ተጠግቶ ይቆያል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሚስ ቢኖሩ መጥተው በሁለት ጣት ያስተካክሏት ነበር። እኔ ጎናችሁን ተጠግቶ ይቆይ አልኩ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ቤቴ ስገባ በሩን ዘግቼ ሰሌኑን አነጠፍኩና መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው ወረድኩ። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። ግንባሬ መሬት ላይ እንዳለ፣ የሚያርመኝ እጅ ትከሻዬ ላይ እስኪያርፍ ሳላስበው እየጠበቅሁ ቆየሁ።