ከጉርድ ሾላ የመጣው የሳሙና ካርቶን

«ጓድ» መባባል ገና ባልቀረበት ዘመን፣ በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ፣ አርባ መጠይቅ በቦርሳዬ ይዤ ከቦሌ ተነሣሁ። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ሐኪማችን ዶክተር አስናቀ ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት ክፍል ለወጣቶች እንድትከፈት ይፈልጋሉ፤ ስለ አባላዘር በሽታ፣ ስላልታሰበ እርግዝና፣ ስሙ ገና መሰማት ስለጀመረው ኤድስም ሳያፍሩ የሚጠይቁባት። የበላዮቻችን ግን «የእኛ ወጣቶች ይህን አያውቁም፤ ያውቃሉ ካላችሁ ማስረጃ አምጡ» አሉ። ማስረጃ ካላመጣሁ ክፍሏ የአሮጌ አልጋ ማከማቻ ሆና መቅረቷ ነው። ቦሌ ሁሉም ስለሚያውቀኝ ያፍሩኛል ብለን ጉርድ ሾላን መረጥን።

ሦስት ሰዓት፣ መንገድ ላይ

እስከ ኡራኤል በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን በምንቀመጥባት ታክሲ። ዶሮ የታቀፉ እናት ቦርሳዬን አይተው «ምን ልትሸጪ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ጥያቄ» አልኳቸው።

«እሱንማ ማን ይገዛሻል!» ብለው ታክሲውን አሳቁት።

ከመገናኛ ወዲያ ከተማው ይሳሳል፤ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ አስፋልቱን የግላቸው ያደረጉ ላሞች። ሾፌሩ እነሱ እስኪፈቅዱለት ቆሞ ጠበቀ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ቀበሌ

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በላቸው ማኅተም ከኪሳቸው የማይለይ ደግ ጎልማሳ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ አርባ ወጣቶች ሰብስበው ጠበቁኝ። መጠይቁን አደልኩ። የወጣቶቹ ተጠሪ ሙሉጌታ «ሲስተር፣ አንድ ሰዓት ስጪን» ሲለኝ ሻይ በዳቦ ልቀምስ ወጣሁ።

ስመለስ ወረቀቶቹን ደርድሮ «ተወያይተን በሙሉ ድምፅ ወስነናል» አለኝ ኮራ ብሎ።

አገላበጥኩ። አርባውም አንድ መልስ ነው፦ ማንም የፍቅር ጓደኛ የለውም፤ ስለ ኤድስ ሰምቶ አያውቅም፤ መስማትም አይፈልግም። ምስኪኖች፣ ወረቀት ሲታደል መወያየትና አቋም መውሰድ ነው የለመዱት! እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ደነገጥኩ፤ የበላዮቻችን የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር።

«በጀርባው ጻፉልኝ» አልኩ፤ «ለየብቻ፣ ያለ ስም።»

ሁሉም ሊቀመንበሩን ያያል። እሳቸውም ተጨንቀዋል።

«ስም ከሌለው ማኅተሜን ምን ላይ ላሳርፍ? ያለ ማኅተም ወረቀት ከዚህ ቀበሌ ወጥቶ አያውቅም።»

ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ባዶ የሳሙና ካርቶን ለመንኩ። ክዳኑን በወረቀት ለጠፍኩና በላዩ ጠባብ ቀዳዳ አበጀሁ። «እዚህ መጋጠሚያው ላይ ያሳርፉልኝ። ቦሌ እስኪደርስ እርስዎም ቢሆኑ አይከፍቱትም።»

አሰብ አደረጉና ፈገግ አሉ። አንዴ አልበቃቸውም፤ አራት ቦታ መቱት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉና ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ከአዳራሹ የእርሳስ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር።

ስምንት ሰዓት፣ መልስ

የአንድ ብር ሽሮ ከሊቀመንበሩ ጋር በልቼ ተሳፈርኩ። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ሰውዬ ማኅተሙን ሲያዩ «የመንግሥት ዕቃ ነው» ብለው ተጠጉለት። ለእኔ ማንም አልተጠጋልኝም።

ቦሌ ደርሼ ከዶክተር አስናቀ ጋር ከፈትነው። አንዱ ሌላውን አይመስልም። አንዳንዱ ገጹን ሞልቶ ጽፏል፤ አብዛኛው መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው። አንዷ በደቃቃ ጽሑፍ «ሴት ልጅ ብቻዋን ብትመጣ ትቀበላላችሁ?» ብላለች። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ለበላዮቻችን ሲልኩም ከሁሉም በላይ አደረጉት።

ክፍሏ በኅዳር ተፈቀደች። ለጓድ በላቸው «ብቻችሁን መምጣት ትችላላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ላክንላቸው፤ ማኅተም መትተው ለጠፉት። ከዚያ መንገድ የተማርኩት፣ ወጣቶቹ ዝም ያሉት ስለማያውቁ ሳይሆን የሚያምኑት ሰው ስላላገኙ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ አሥር ሰዓት ማንም ሳይመጣ ቀረ። ልቤ ተሰብሮ መስኮቱን ልዘጋ ስነሣ፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ ልጅ በሩ ላይ ቆማ አየሁ።

«ሲስተር» አለች፣ «ከጉርድ ሾላ ነኝ። ብቻዬን ነው የመጣሁት።»

ወንበሩን ሳብኩላት።