ለዶክተሯ ያልነገርናት ነገር

እህቴ ወለተሰንበት ዋሽታ አታውቅም። ለዶክተሯ «አስም የለብኝም» ያለች ዕለት እንኳ ከልቧ ነው የተናገረችው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ አጠገቧ ተቀምጬ፣ አፌን ዘግቼ።

እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ስድስት ዓመታችን ነበር። የድሮው ልደታ ሳይፈርስ፣ በአንዲት ሲንጀር የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችኝ። ባል አላገባችም። የመጣውን ሁሉ «ይሄን ልጅ ለማን ልተወው?» እያለች መለሰችው። ይሄ ልጅ ዛሬ ሃምሳን ተሻግሮ፣ መላጣ ሆኖ፣ አብነት ውስጥ ሶፋ ያለብሳል።

የጨርቁ ብናኝ ይሁን ሌላ፣ በጎልማሳነቷ አስም ያዛት። በአፏ የምትስበው መድኃኒት ከቦርሳዋ አይለይም ነበር። ኋላ ተክለ ሃይማኖት ፀበል ገባች፤ ተሻላትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልታፈነችም። እኔ አፌን የማልይዘው ታዲያ በአንዱ ፋሲካ ጠጅ ቢጤ ቀምሼ፣ «የተሻለሽ ስፌቱን ስለቀነስሽ ነው እንጂ» አልኳት። ሁለት ዓመት አኮረፈችኝ። በሽማግሌ ስንታረቅ፣ ያን ነገር ዳግመኛ ላላነሳ ቃል ገባሁ።

ባለፈው ዓመት ከጎኗ ያለው ነገር አልታይ አላት። የበሩን መቃን በትከሻዋ ትገጫለች፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሻይ ትደፋለች። የኮንዶሚኒየም ጎረቤቷ ፀሐይቱ የዓይን ሞራ ነው አለች። ሆስፒታል ስወስዳት ግን ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። የዓይኗ ግፊት ጨምሮ ነርቩን እየጎዳው ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማዳን ይቻላል አለችን ወጣቷ የዓይን ዶክተር። ከማዘዟ በፊት ጠየቀች። የልብ ሕመም አለብዎት? የለም። ስኳር? የለም። አስምስ፣ አሁንም ይሁን በፊት?

«የለብኝም» አለች እህቴ፣ ቀና ብላ።

ለእሷ አስም የሚባል ቃል ማንሳት ፈውሱን መካድ ነበር። ይሄ ገብቶኛል። ዶክተሯ ለማረጋገጥ ይመስላል ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ያ የኩርፊያ ዘመን ትዝ አለኝ፤ ደጇን እንደ ባዳ ሳልፍ የከረምኩበት። ዝም አልኩ። ለአንድ ስፖንጅ ከደንበኛ ጋር ግማሽ ቀን የምከራከር ሰው፣ በዚያች ደቂቃ ጨዋ ሆንኩ።

ጠብታው ጠዋትና ማታ ነው። የጠዋቱን ፀሐይቱ፣ የማታውን እኔ እንጨምርላታለን። «ጉሮሮዬን መረረኝ» ትላለች፤ «የማይመር መድኃኒት የት አለ?» እላለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቷ ስትወጣ በየመሐሉ መቆም ጀመረች። ከዚያ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ብርድ ነው አለችኝ። ጠብታውን አልጠረጠርኩም፤ ማንም ቢሆን የዓይን ነገር ሳንባ ይነካል ብሎ አያስብም። አስሙ መመለሱን ግን አውቄ ነበር። ያንንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ደብቀን መድኃኒት አገኘን፣ የጎዳንም እሱ ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጎራ ብል፣ በተክለ ሃይማኖት ሥዕል ፊት ተንበርክካ አየር አጥሯት አገኘኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ስግደት ላይ ነበረች። ምን ሆነሻል ብላት፣ ቃሉን እየቆራረጠች ነገረችኝ። «ለዓይኔ እሳቸውን ትቼ ሐኪም ቤት ሮጥኩ። ተክልዬ አዝነውብኛል፤ እስትንፋሴን መልሰው ወሰዱት።» ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ደረቷ እያፏጨ፣ በየማለዳው አርባ አርባ ስትሰግድ ኖራለች።

ደግፌ አወረድኳትና በታክሲ ድንገተኛ ክፍል ገባን። ኦክስጅን አደረጉላት። ሐኪሙ ምን መድኃኒት ትወስዳለች ሲለኝ፣ ምንም፣ የዓይን ጠብታ ብቻ አልኩት። አምጣው አለኝ፤ ከቦርሳዋ አውጥቼ ሰጠሁት። ብልቃጡን አገላብጦ አነበበና አስም ነበረባት ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«ነበረባት» አልኩ። አልጋው ላይ ሆና ሰማችኝ።

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ቀለል ይለኝ ነበር። ጠብታው ዓይን ውስጥ አይቀርም አለን፤ በዓይን ጥግ በኩል ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል፣ የመረራትም እሱ ነው፤ ከዚያ ደም ውስጥ ይገባል። አስም ነክቶት የሚያውቅን ሰው፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ቢሆን፣ የአየር ቧንቧውን ያጠብበታል። የፀበሉን ነገር ስነግረው ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እናቴ፣ ‹ነበረብኝ፣ ድኛለሁ› ቢሉ እኮ ይበቃ ነበር። ይሄ ምስክርነት ነው እንጂ ክህደት አይደለም።»

ያን ጠብታ ዳግመኛ እንዳትነካ አዘዘ። ግፊቱ ያለ መድኃኒት ከተተወ ዓይኗን ስለሚያጠፋው፣ ያኔውኑ ከዓይን ክፍል ጋር ተነጋግሮ ማታ ማታ የሚደረግ ሌላ ዓይነት አሳዘዘላት። ነርሷም አሳየችን። አንድ ጠብታ ብቻ፤ ከዚያ ዓይን ተጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለው ጥግ ለሁለት ደቂቃ በጣት ይያዛል።

ቤቷ በገባች በሁለተኛው ቀን ትንፋሿ ተስተካክሎ ነበር። ሲመሽ አዲሱን ብልቃጥ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያን ዕለት ዶክተሯ ስትጠይቀኝ» አለች፣ «አስሜ ትዝ ብሎህ ነበር?»

«ብሎኝ ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«እንዳታኮርፊኝ ብዬ።»

ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ አገላብጣ አየችና መለሰችልኝ።

«እኔ እኮ፣ በሱፍቃድ፣ ያልሠራሁትን ኃጢአት ይቅር በሉኝ ስል ነው የከረምኩት። አንተ ደረጃው ላይ ስቆም ታየኝ ነበር።»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት፣ እሷ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ጠብታውን እንድጨምርላት ዓይኗን ከፍታልኝ ነበር።