ለወንድሙ የተዘረጋ ክንድ

በንጉሡ ዘመን፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ጎንደር ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የደም ምርመራ ክፍል እሠራ ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እግዜር ሊያስተምረኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ ዋናው ሥራዬ ተቀምጦ ደም ሲሰክን ማየት ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክንድ የተቀዳው ደም እንዳይረጋ መድኃኒት ይቀላቀልበትና በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይቆማል። ቀዩ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ገለባ የመሰለ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ፕላዝማ የምንለው እሱን ነው። አንድ ሰዓት ሲሞላ ቀዩ ምን ያህል እንደ ወረደ ይለካል። ዝግ ብሎ ከወረደ ደግ ነው፤ ከተጣደፈ ግን ሰውነት ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ምን እንደሆነ አይናገርም። የሳንባ በሽታም ሊሆን ይችላል፣ ያመረቀዘ ቁስልም፣ ነቀርሳም። ሐኪማችን፣ ውሻ ሲጮህ ሌባ ይሁን ጅብ አይነግርህም፣ ወጥቶ ማየት ያንተ ፋንታ ነው ይል ነበር።

ከደንበኞቼ አንዱ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር ነገር ወጥቶባቸው፣ እሾህ መስሏቸው በወስፌ ሲጎረጉሩት ከርመዋል። ሐኪሙ የቆዳ ነቀርሳ ነው ብሎ ቆርጦ አወጣላቸው። በሽታው መመለስ አለመመለሱ እንዲታወቅም በየጊዜው እየመጡ እንዲታዩ፣ ደማቸውም እንዲመረመር አዘዘ። ሲመጡ ደማቸውን ሰጥተው አይሄዱም። ከጎኔ አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ቱቦውን እያዩ፣ የናንተ ጠላ መቼ ነው የሚጠራው እያሉ ይቀልዱብኛል። እዚህ ቤት ቶሎ የሚጠራ ጠላ ደግ አይደለም ብዬ ባስረዳቸው፣ እንግዲያስ ባል ሳታገኚ ልትቀሪ ነው አሉኝ። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። እኝህን ሰው ወደድኳቸው፤ የሚመጡበት ቀን ሲደርስ ዓይኔ በር በሩን ያያል።

አንድ ዓመት በአጨዳ ወራት በቀጠሯቸው ቀን ሌላ ሰው መጣ። መልኩ እሳቸውን ይመስላል፤ ዕድሜው ከኔ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ታናሽ ወንድማቸው መሆኑን ነገረኝ፣ እጅ ነሣ፣ ተቀመጠ፣ እጅጌውን ጠቀለለ። አሞህ ነው ወይ ስለው፣ ኧረ ደህና ነኝ አለ። አያ፣ ታላቁን እንዲህ ነበር የሚጠራው፣ አጨዳ ስለያዛቸው የሳቸውን ደም ከሱ እንድወስድለት ነበር የመጣው።

ሳቅሁ። ሳቄ እንዳስከፋው ሳይ ደግሞ አፈርኩ። ለሱ ምን የሚያስቅ ነገር አለው? ወንድም በዳኛ ፊት ለወንድሙ ዋስ ይሆናል፤ ደቦ ሲጠራ ተተክቶ ያጭዳል፤ ማኅበር ሲደርስ በፈንታው ይደግሳል። ደም ሲጠየቅ ምነው አይተካም? የያንዳንዱ ሰው ደም የሚናገረው የገዛ ራሱን ሰውነት ነው ብዬ አስረዳሁት። ያንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ደጋግሞ ነገረኝ። ያንድ እናት ልጆች ደም እንኳ ሲቀላቀል ሊጣላ ይችላል አልኩት። ይህን ጨርሶ አላመነኝም።

ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም። ሌሎቹ በሽተኞች እስኪወጡ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ። አጨዳው ሰበብ ነበር። አያ ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት አብጦባቸዋል፤ ከሚስታቸው ደብቀዋል፤ እንሂድ ሲባሉም ቱቦው የሚለውን ፈርተው እምቢ ብለዋል።

“የኔን ዐይተሽ ሸጋ ነው በይኝ፣ እህትዓለም” አለ። “እሱን ቃል ይዤለት ልግባ።”

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት በበሽታው ነው። “ሸጋ ነው ብልህ እሳቸው ቤት ይቀራሉ” አልኩት። “እብጠቱም አብሯቸው ይቀራል። ተሸክመህም ቢሆን ይዘሃቸው ና።”

ይዟቸው መጣ፤ እሳቸው በበቅሎ፣ እሱ ልጓም ይዞ በእግሩ። ደማቸውን ቀድቼ ቱቦውን አቆምኩ። እንደ ልማዳቸው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ቱቦው ገና ከመቆሙ ቀዩ ቁልቁል ወረደ። ምን እንደምላቸው ሳስብ እሳቸው ቀደሙኝ።

“ዛሬስ ጠላው ቶሎ ጠራ” አሉ።

እንባዬን ለመደበቅ ቱቦ ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበውን።

ሐኪሙ መርምሯቸው እብጠቱ ባስቸኳይ በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት አለ። ሰውነታቸው ደክሟልና ደም ያስፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ተቀድቶ የሚጠብቅ ደም የለንም፤ ከዘመድ ነው የሚለመነው። ዘመድ ደግሞ የሄደ ደም አይተካም ብሎ ስለሚያምን፣ ደም ሲባል ከግቢው ብን ይላል። ታናሽየው ግን ማንም ሳይጠይቀው እጅጌውን ጠቅልሎ መጣ። የሁለቱን ደም ጠብታ ከጠብታ ጋር መስታወት ላይ አቀላቀልኩ። ባይስማማ ምን ብዬ ልነግረው ነው? ሳየው ሁለቱ ደም አልተጣሉም። ያንን ስነግረው ፈገግ ብሎ፣ አላልኩሽም ወይ አለኝ። ያን ቀን የሱ ደም በወንድሙ ክንድ ገባ።

አያ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ዓመት ኖሩ። ማሳቸውን አረሱ፣ ሴት ልጃቸውን ዳሩ፣ እኔ አሁንም ባል አለማግኘቴን እየጠየቁ አበሸቁኝ። በመጨረሻ በሽታው ሳንባቸው ገባና ቱቦውም ቢላውም የማይረዳበት ጊዜ መጣ። በቤታቸው፣ በሰው መካከል ሞቱ።

ከተዝካሩ በኋላ ይመስለኛል፣ ታናሽየው ወደኔ ክፍል መጣ። ራሱን ተላጭቷል፣ ጥቁር ለብሷል። አያ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ተቀመጠና ክንዱን ዘረጋልኝ። ሐኪም አላዘዘም። እኔም ሐኪም አልጠየቅሁም። ደሙን ቀድቼ ቱቦውን አቆምኩና ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። በሕይወቴ ሳልቁነጠነጥ የጠበቅሁት ያንን ብቻ ነው። ቀዩ ዝግ እያለ ወረደ።

“ሸጋ ነው” አልኩት።

እጅጌውን እያወረደ አንገቱን ነቀነቀ። “ይችን ቃል ነበር” አለ፣ “ያኔ ይዤለት ልገባ የፈለግሁ።”